ከመነጽር ቤቱ ገንዳ የወጣችው አረንጓዴ

ጥር 6፣ ሰኞ

ዛሬም ሞቱ። የላብራቶሪውን በር ስከፍት፣ መብራቱ ሥር ተደርድረው የሚጠብቁኝ ብልቃጦች ሁሉ ገርጥተዋል። ዓርብ ትቻቸው ስወጣ ዝናብ የጠገበ ሣር ይመስሉ ነበር። አሁን ውሃው የቀጠነ ሻይ ሆኗል፤ ከሥሩ ደግሞ አመድ የመሰለ ዝቃጭ ተኝቷል።

አማካሪዬ ከኋላዬ መጥተው አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «የመጋቢቱን ግምገማ እያሰብሽበት ነው?» ብለውኝ ወጡ። ሌላ የማስበው ነገር ያለኝ ይመስል!

አንድ ጊዜ በግልጽ ልጻፈውና ይውጣልኝ። የዶክትሬት ሥራዬ በአንዲት አልጌና አብረዋት በሚኖሩ ባክቴሪያዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ማጥናት ነው። አልጌዋ ለብቻዋ በዓይን አትታይም፤ አንዲት ክብ ሕዋስ ናት። ብዙ ሆና ስትሰበሰብ ነው ውሃውን አረንጓዴ የምታደርገው። ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ ለማወቅ መጀመሪያ ከባክቴሪያዎቹ አጽድቼ ለብቻዋ ማሳደግ አለብኝ። አጸዳታለሁ፤ ትሞታለች። እንደገና አጸዳታለሁ፤ እንደገና ትሞታለች። መጽሐፉ ሁሉ ብርሃንና ትንሽ ጨው ካገኘች ለብቻዋ ትኖራለች ይላል። ቫይታሚን የተባለ ሁሉ ሰጥቻታለሁ፤ ምንም አልጠቀማት። ስለዚህ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ወይ ባክቴሪያዎቹን የማጠፋበትን መድኃኒት አበዛለሁ፣ ወይ እጄ ቆሻሻ ነው። እስከ ግምገማው ድረስ ንጹሕ አልጌ ካላሳየሁ ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ይሰጡታል። ነገሩ ይኸው ነው።

ማታ ቤት ስገባ አባዬ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

«ራስህ አታነብም እንዴ አባዬ?»

«ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነዋ! ድፍን ቀን ከግድግዳ ጋር ነው የዋልኩት።»

አነበብኩለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የሁልጊዜ ጥያቄውን ጠየቀኝ፦ «የኔ አረንጓዴ እንዴት ዋለች?»

የሱ ናት፤ እውነቱን ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መነጽር ሠሪ ነበር። ከሱቁ ጀርባ፣ የሞረደውን መስተዋት የሚያለቀልቅበት የሲሚንቶ ገንዳ ነበረው። «ደከመኝ» ብሎ ሱቁን ሲዘጋ፣ ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ በወሩ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ነው በጠርሙስ ቀድቼ የወሰድኳት። «ከገንዳዬ ዘርፈሽ አንድ ቀን እንኳ አላሳየሽኝም» ይለኛል። በዚያ በትልቁ ማይክሮስኮፕ አንድ ጊዜ ሊያያት ነው የሚፈልገው። ለስንቱ ሰው ዓይን መስተዋት ሲሞርድ የኖረ ሰው፣ በእንደዚያ ያለ መስተዋት አይቶ አያውቅም።

«ንጹሕ ስትሆን አሳይሃለሁ» አልኩት።

«ቶሎ ይሁን» አለኝ።

ጥር 9

ኮሪደር ላይ ሳልፍ ሰማሁ። አማካሪዬ በስልክ፦ «ጭንቅላቷ ጥሩ ነው። እጇ ነው እንጂ። የነካችው ሁሉ ይበላሻል።»

ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

አይደለም።

ጥር 12፣ እሑድ

ቤት ዋልኩ። የኮሪደራችን ግድግዳ ላይ ከአባዬ መኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ጥቁር መስመር ተሠርቶበታል። ጣት የተጎተተበት ይመስላል። በሳሙና ብፈትገው ብፈትገው አለቅም አለ።

«አባዬ፣ ግድግዳውን ምን እያደረግከው ነው?»

«እየደገፍኩት ነዋ፣ እንዳይወድቅ!»

ቀልድ አያልቅበትም። ግምገማው ሲያልፍ ቀለም አስቀባዋለሁ።

ሻይ ሲቀዳ ደግሞ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ጮኽኩበት። ለሻይ! እሱ ዝም ብሎ በመዳፉ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ጨርቁን ፈለገ፤ ጨርቁ እኮ ፊቱ ነበር። እልኸኛ ነው፤ ከተቆጡት እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ራሴን ጠላሁት። ብልቃጥ ላይ የማልወጣውን ንዴት አባቴ ላይ እወጣለሁ።

ከሰዓት እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ ሩቅ ከተማ ሆና ቤታችንን በስልክ ታስተዳድራለች።

«አባዬ ዓይኑን ታየ?»

«ምነው፣ አንድ ነገር አለሽ?»

«እኔን ምን ይለኛል? አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

«እርጅና ነው እትዬ። ደግሞ ራሱ የዓይን ሰው አይደል? ቢብስበት ይናገራል። ግምገማዬ ይለፍና ወስጄ አስመረምረዋለሁ።»

«ይለፍ እንግዲህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከግምገማው ወዲያ የከመርኩት ነገር በዛ።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ከገንዳው ውሃ፣ ካልታጠበው፣ አንድ ጠብታ ወስጄ ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግኩ። ለሥራ አይደለም። ናፍቃኝ ነው።

አምላኬ! ይህን ያህል ጊዜ አይቻትም አይሰለቸኝም። ጠብታዋ ከምስር ፍሬ አትበልጥም፤ ውስጧ ግን አገር ነው። አልጌዋ እንደ አረንጓዴ ዶቃ ትንሳፈፋለች። አንዷ ሆዷ ውስጥ አራት ትንንሽ አረንጓዴዎችን ይዛለች። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። ቆዳዋ ተሰነጠቀ፤ አራቱም ልጆች ተገፋፍተው ወጡ። እናትየዋ የለችም። የሞተ ነገር ግን የለም፤ ሙሉ በሙሉ ልጆቿ ሆናለች። ይህ በእያንዳንዱ ኩሬ፣ በእያንዳንዱ የረጠበ ግድግዳ ላይ ማንም ሳያየው ሲሆን ይኖራል። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ቦታዬ እጨነቃለሁ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«በምን አረጋገጥሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። አቶ ጥርጥር ነው። ጠረጴዛው ከኔ ፊት ለፊት ነው፤ እሱም የዶክትሬት ተማሪ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፀሐይ ወጣች ቢሉት ማስረጃ ይጠይቃል።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱ ነው የሚገድላት የምትይውን። አጥበሽ አጥበሽ ስታበቂ፣ ባክቴሪያዎቹን መልሰሽ ብትጨምሪባትስ? እንዲያም ሆኖ ከሞተች መድኃኒቱ ነው። ካልሞተች ግን ሌላ ነገር አለ።»

«እስቲ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ነገሩ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ለአፉ ማዘጊያ እሞክረዋለሁ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

በችኮላ ነው የምጽፈው። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።

ሁለት ብልቃጥ። ሁለቱም እኩል የታጠቡ። አንዷን ለብቻዋ ተውኳት፤ «ን» ብዬ ጻፍኩባት፣ ንጹሕ ለማለት። ሁለተኛዋ ላይ የባክቴሪያ ጠብታ መለስኩ፤ «መ»፣ የተመለሰ። የሚለጠፈው ፕላስተር አልቆ ስለነበር በማርከር መስተዋቱ ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን ናት። አባዬ የሷን በር በእኛ ቁልፍ ሊከፍት ሲታገል አግኝታዋለች። «ደህና ነው፤ ግን ነይ» አለችኝ።

ብልቃጦቹን ወደ መደርደሪያው ከማስገባቴ በፊት በአልኮል ጠራረግኩ፤ ደንብ ነው። ጽሑፉ አብሮ ለቀቀ። መልሼ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል የነበረችው «ን» ናት። ሮጥኩ።

በቀኝ ነበረች። አዎ፣ በቀኝ።

ማታ፦ አባዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ነበር የጠበቀኝ። «በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ እኮ!» እውነቱን ነው፤ የዚህ ሕንፃ በሮች ሁሉ ቡናማ ናቸው።

ጥር 29፣ ረቡዕ

አረንጓዴ! አረንጓዴ! «ን» አረንጓዴ ናት!

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «መ» እንደ ሌሎቹ ገርጥታለች፤ ንጹሗ ግን ለምልማለች። ብልቃጡን ይዤ ወደ አማካሪዬ ቢሮ ስሮጥ ጫማዬ ሊወልቅ ነበር። ብርሃን ላይ አንስተው አዩት። አዟዟሩት። «አበጀሽ» አሉኝ። ከዚህ ቀደም ይቺን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ስልክ አንስተው ለአንዱ የኮሚቴ አባል፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ «ተማሪዬ አጸዳቻት» አሉ። ተማሪዬ!

አቶ ጥርጥር ብቻ ግንባሩን ቋጠረ። «ባክቴሪያው ከሆነ የሚገድላት፣ ገንዳው ውስጥ አብረው እንዴት ኖሩ?»

«መድኃኒቱ አዳክሟት ነው መሸከም ያቃታት» አልኩት። ሳልዘጋጅ ነው የመለስኩለት፤ ደህና መልስ ይመስለኛል።

ማታ ቤት ገብቼ አባዬን አቅፌ አሽከረከርኩት። «ጸዳች አባዬ!»

«እሰይ! እንግዲህ መጥቼ ልያት?»

«ከግምገማው በኋላ። አሁን እንዲነካካ አልፈልግም።»

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ምን ዓይነት አረንጓዴ ናት? እስቲ ንገሪኝ» አለኝ። «አረንጓዴ ነዋ አባዬ፣ አረንጓዴ!» ብዬው ወደ ጽሑፌ ገባሁ።

የካቲት 4

የጥናቱ ርዕስና አጭር መግለጫው ለኮሚቴው ሄደ። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ውስጡ ደጋግሞ አለ።

አቶ ጥርጥር፦ «በማቅለሚያው አየሻት?» ማቅለሚያው ባክቴሪያ ካለ እንዲያበራ የሚያደርግ ቀለም ነው። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት እሱ ነው። አውቃለሁ።

ነገ።

የካቲት 6

ነገ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ማቅለሚያው አልቋል አልኩት። አላለቀም።

በቀኝ ነበረች እኮ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጻፍ፣ ቀኑ እንዲህ አይዘጋ። ማታ ስገባ አባዬ ሳሎን ውስጥ «ዛሬስ አመሸሽ ልጄ፣ እራት በላሽ?» እያለ ያወራል። እኔ ከበሩ ነኝ፤ እሱ የሚያወራው ወንበሩ ላይ ጥዬው ከሄድኩት ካፖርቴ ጋር ነው! ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ «ከአንቺ ይልቅ እሱ ነው ሰዓቱን ጠብቆ የሚገኘው» አለኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ብዙ ቆየ። ተቀይሞኝ ይሆን? አምሽቼ መግባት ማቆም አለብኝ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

አየሁ።

ማንንም ሳልጠራ፣ በሩን ዘግቼ፣ ከአረንጓዴዋ «ን» ጠብታ ወሰድኩ። ማቅለሚያውን ጨመርኩ። የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ዓይኔን አስጠጋሁ።

በዚያ መብራት አልጌዋ ቀይ ሆና ነው የምትታየው፤ እንደ ፍም። በፍሙ ዙሪያ ደግሞ እነሱ አሉ። ሰማያዊ ነጥቦች። አንድ ሁለት ቢሆኑ ብናኝ ነው ብዬ ራሴን እሸነግል ነበር። እያንዳንዷ አልጌ ግን ዙሪያዋን ሰብስባቸዋለች። አንዳንዶቹ ቆዳዋ ላይ ተለጥፈዋል። አንዳንዶቹ ይዋኛሉ፤ ይመጣሉ፣ ይነኳታል፣ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። ከጨለማው ዳር የሚመጣ አንዱን ተከተልኩት። በቀጥታ አልመጣም፤ ቆም እያለ፣ እየተገለባበጠ፣ የሚያውቀውን ቤት በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው መጣ፤ አገኛት፤ ተጠጋ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ፍርሃቱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ብቻዬን ድምፄን አውጥቼ ያልኩት «እንዴት ያምራል!» ነው።

ከዚያ ገባኝ። ንጹሕ አይደለችም። በቀኝ አልነበረችም። አልኮሉ ጽሑፉን ሲያጠፋ አቀያይሬ ጽፌአለሁ።

ቀጥዬ ከገረጣችው «መ» ጠብታ ወሰድኩ። ባዶ ጨለማ፤ እዚያም እዚያም ሊጠፋ የደረሰ ደብዛዛ ቀይ። አንድም ሰማያዊ ነጥብ የለም። ስፈልገው የኖርኩት ንጽሕና ይህ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ራሴን ያዝኩ። እንግዲህ የደፋኋቸው ሁሉ፣ እየረገምኩ ያፈሰስኳቸው የገረጡ ብልቃጦች ሁሉ፣ ንጹሕ ነበሩ ማለት ነው። እጄ ቆሻሻ አልነበረም። በማጽዳቱ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፤ በተሳካልኝ ቁጥር ነው የሞተችብኝ። ያለ እነሱ አትኖርም። መጽሐፉ የፈለገውን ይበል፣ ይቺ የገንዳ ልጅ ብቻዋን አትኖርም!

ተመልሼ ወደ አረንጓዴዋ ሄድኩ። ዓይኔ እስኪደክም አየኋቸው። ይህን ያህል ጊዜ በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ቆሻሻ ነው ብዬ ሳጥብ ኖሬአለሁ።

የካቲት 13

ዛሬ ፍርሃቱ ነው። አማካሪዬ ለኮሚቴው ነግረዋል። መግለጫው ሄዷል። «ተማሪዬ አጸዳቻት» ብለዋል። ዝም ብልስ? ማንም አያይም። ግምገማው ያልፋል፤ ከዚያ ቀስ ብዬ…

አቶ ጥርጥር ፊቴን አይቶ ምንም አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው ነው።

ዝም ልል እንዳሰብኩ መጻፌ ራሱ አሳፈረኝ። ይኑር፤ አላጠፋውም።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ሳምንቱን ሙሉ እንደ እብድ ሠራሁ። በዚህ ጊዜ በፕላስተር ነው የጻፍኩት፣ አንገታቸው ላይም ቂጣቸውም ላይ። አቶ ጥርጥር እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አየልኝ፤ ለዚህ ሰው ቅጽል ስም ማውጣቴ ግፍ ነው።

ውጤቱ ይኸውና። ለመሞት የደረሱት የገረጡ ብልቃጦች ላይ የባክቴሪያ ጠብታ ስጨምር ለመለሙ። ባክቴሪያዎቹ የኖሩበትን ውሃ አጣርቼ፣ እነሱን አስቀርቼ ውሃውን ብቻ ስሰጣቸው አልለመለሙም። የሚሰጧት ነገር ተቀድቶ የሚላክ ነገር አይደለም ማለት ነው። እነሱ ራሳቸው አጠገቧ መሆን አለባቸው። የሚያደርጉላት ነገር ምን እንደሆነ ገና አላውቅም። አለማወቄ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላም አለ፤ ይህን ለአቶ ጥርጥር ሳሳየው አፉን ይዞ ቀረ። ብልቃጡን ጨለማ ውስጥ ካቆየሁት በኋላ ሳይ፣ ባክቴሪያዎቹ ተበታትነዋል፤ እያንዳንዱ በየፊናው። መብራቱን አብርቼ ቆየት ብዬ ሳይ ተመልሰው ከበዋታል። ብርሃን ስታገኝ ስኳር ትሠራለች፤ ከስኳሩ ትንሽ ያመልጣታል፤ እነሱ ጣዕሙን ተከትለው ይመጣሉ። መብራት ሲጠፋ ይሄዳሉ፣ ሲበራ ይመጣሉ። ልጅ ሳለን እትዬና እኔ የሱቁ መብራት ሲበራ ወደ አባዬ የምንሮጠው ትዝ አለኝ።

እራት ላይ ሁሉንም ለአባዬ ነገርኩት፦ ስህተቱን፣ ሰማያዊ ነጥቦቹን፣ መብራቱን። ማንኪያውን አስቀምጦ ነው የሰማኝ። ስጨርስ «እንዴት ነው የሚከቧት? እንደገና ንገሪኝ» አለኝ። እንደገና ነገርኩት። በደንብ እየሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ብቀመጥ የምነሳ አልመሰለኝም።

«ስለዚህ ለኮሚቴው የላክነው ሐሰት ነው?»

«ስህተት ነው። የኔ ስህተት።»

«ማርከር በአልኮል እንደሚለቅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቃል! እኔ ስሜን ሰጥቼ ነው የደወልኩት!» ፊታቸው ቀላ። ግን ዛሬ አልሸሽም ብዬ «እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኳቸው።

መጡ። ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አስጠጉ። እኔና አቶ ጥርጥር እንደ ተከሳሽ ግድግዳ ይዘን ቆምን። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ማስተካከያውን በሁለት ጣታቸው ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ብቻ ይታየኛል። እጃቸውን እንዲህ ረጋ ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ስንቱን ደፋሁት!» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «እኔም በአንቺ ዕድሜ ይገረጡብኝ ነበር። እጄ ነው እል ነበር።»

ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም አሉኝ። ሊያሰናብቱሽም ይችላሉ፤ ግን ይህንኑ ነው የምናቀርበው አሉኝ። የምናቀርበው። አንቺ አላሉም።

መጋቢት 2

አልበላም፣ አልተኛም። መልሶች እየለማመድኩ መንገድ ላይ ብቻዬን አወራለሁ። አባዬ ከደረጃው በታች ሲጠብቀኝ አገኘሁት። ጨለማ ነበር፤ በእርምጃዬ አወቀኝ። «እግርሽ ከብዶታል» አለኝ።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

አለፍኩ!

በቀላሉ አይደለም። ስህተቴን ከመጀመሪያው ራሴ ተናገርኩ፤ ክፍሉ ቀዘቀዘ። አንዱ ሽማግሌ አባል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው «ባጭሩ ይህን ሁሉ ዓመት ሞክረሽ ለብቻዋ ማሳደግ አልቻልሽም?» አሉኝ።

«አልቻልኩም» አልኩ። «እሷም አትችልም።»

ከዚያ ምስሎቹን አሳየሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፤ መብራቱ ጠፍቶ፣ መብራቱ በርቶ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ሰሌዳው አስጠጉ። የመጨረሻውን ምስል «እስቲ መልሺው» አሉ። ሁለት ጊዜ አስመለሱኝ። የጥናቱ ርዕስ ይቀየራል፤ ሙከራው ከሌላ ውሃ በመጣች አልጌም ይደገማል፤ ቦታዬ ግን የኔ ነው።

ለእትዬ ደወልኩ። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። ከዚያ «አሁንስ ወሰድሽው?» አለችኝ። «እሑድ ላብራቶሪ ላመጣው ነው፣ ሰኞ ሐኪም ቤት» አልኳት።

መጋቢት 8፣ እሑድ

አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ተላጭቶ ጠበቀኝ። አንዱ ጫማው ጥቁር፣ ሌላው ቡናማ ነበር። ሳቅኩበትና ቀየርኩለት። መንገዱን ሙሉ ክርኔን ይዞ ሄደ፤ ከእያንዳንዱ መውጫ በፊት «ደረጃ አለ?» እያለ ይጠይቀኛል። የክብር እንግዳ እንደማጅብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ላብራቶሪው ባዶ ነው። ወንበሩን ስቤ አስቀመጥኩት። እጁን አንስቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግኩለት፤ ብረቱን፣ ማስተካከያውን፣ መስተዋቶቹን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ድሮ ወዳጅ ሰላም አላቸው። «ጎበዝ የሞረደው ነው» አለኝ። ጠብታዋን አስገባሁ። መብራቱን ለማብራት ወደ ኋላ ዞርኩ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ።

«እንዴት ያምራል!» አለ። «ልክ እንዳልሽኝ። ዙሪያዋን ከበዋታል።»

ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። መብራቱን ገና አላበራሁትም።

የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው መስመር መጣብኝ፤ በሳሙና የፈተግኩት። እሱ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም፤ ፈገግ እንዳለ ነው። ደስታዬን እንዳያበላሽ ጨለማ እያየ ፈገግ ይላል።

«አባዬ» አልኩት። ድምፄን አወቀው። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሱቁን ከዘጋሁ ወዲህ ነው እየባሰ የሄደው። ዘንድሮ ግን…» እጁን እንደ መጋረጃ ወደ ታች አወረደው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ግምገማሽ ይለፍ ብዬ ነዋ ልጄ።»

ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ ስኖር፣ አጠገቤ የሚሆነውን አላየሁም። መብራቱን አበራሁት።

«ፈቀቅ በልልኝ አባዬ» አልኩት። «እኔ ልይልህ።»

ትንሽ አመነታ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቦታ ሰጠኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ዓይኔን አስጠጋሁ፤ በእንባዬ ምክንያት መጀመሪያ አልታይ አለኝ፤ ጠረግኩ። ምን ዓይነት አረንጓዴ እንደሆነች ነገርኩት፤ ያን ጊዜ ጠይቆኝ ያልመለስኩለትን። ገና የተከፈተ ቅጠል ዓይነት፣ ፀሐይ ከኋላው ስትመታው። ነጥቦቹ ገና ተበታትነው እንዳሉ ነገርኩት። ቆየን። አንዱ እየመጣ ነው አልኩት። ሌላም። አሁን ሦስተኛው ነካት።

«መብራቱን አይተው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ፣ የሚሰሙን ይመስል።

«አዎ።»

ይህን እያልኩት ሳለ መሃል ያለችው አልጌ ቆዳዋ ሲሰነጠቅ አየሁ። እጁን ያዝኩት።

«ምን ሆነች?»

«እየወለደች ነው አባዬ! አሁን፣ አሁን ወጡ!»

«ስንት?»

«አራት።»

«ትንንሾቹ ነጥቦችስ? እናቲቱ ስትቀደድ ሸሹ?»

አየሁለት። «አልሸሹም። ተከፋፍለው ከየልጆቹ ጋር ሄዱ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ፊቱ ወደ እኔ ዞሯል፤ እጄን አጥብቆ ይዟል።

«ቀጥዪ» አለኝ፤ «እያየሁ ነው።»